ሶዲየም ሃይድራይድና የዘውድነሽ እጅ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ጠዋት ተነሥቼ ቂርቆስ ካለው ቤታችን እስከ ስታዲየም በእግሬ እሄዳለሁ፤ በደምበል አድርጌ እመለሳለሁ። ቤት ስደርስ የጋዙ ሲሊንደር መዘጋቱን አያለሁ፤ ልብሴን ቀይሬ መጥቼ ደግሜ አያለሁ። ባለቤቴ ከሬዲዮው ቀና ብሎ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ መሥሪያ ቤት የረሳሽው ዕቃ አለ እንዴ?» ይለኛል። ለቀልድ ነው። እኔ ግን እንዲህ ባለኝ ቁጥር ተመልሼ ሲሊንደሩን ለሦስተኛ ጊዜ አያለሁ።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሳሙና ፋብሪካ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ እየለካሁ «ይኼ በዛ፣ ይኼ አነሰ» የምል ቴክኒሻን ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሠርቼ የእጄ ቆዳ መላላጥ ሲጀምር ካዛንቺስ ወደነበረ አንድ የምርምር ተቋም ተዛወርኩ። ስሙን ባልጠራው ይሻላል። ከአገር በቀል ዕፅዋት የሚወጡ ንጥረ ነገሮችን ወደ መድኃኒትነት ለመለወጥ የሚሞከርበት ቤት ነበር። ደመወዙ ከፋብሪካው እምብዛም አይሻልም፤ ነጭ ጋውን አለው፣ ጸጥታ አለው ብዬ ገባሁ። ስለ ጸጥታው ተሳስቼ ነበር።

የኬሚካል መጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ በየነ ይባሉ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ባዶ ጠርሙስ ሰጡኝና «ክፈቺው» አሉኝ። ከፈትኩት።

«ምን ነበረበት?»

«ባዶ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን እንደነበረበት ሳታውቂ ከፈትሽው። ዝጊውና ውጪ፤ ነገ ትመጫለሽ።»

ልቤ ቆስሎ ወጣሁ። በማግሥቱ ስመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ «ደኅና አደርሽ» ብለው ሥራ አስጀመሩኝ።

ጋሼ በየነ ማንኛውንም ዕቃ ከመክፈታቸው በፊት ስሙን ጮክ ብለው ይጠሩታል፤ ከዚያ የሚጠላውን ይናገራሉ። «ይኼ አሴቶን ነው፤ እሳት ይጠላል።» ብቻቸውን ቢሆኑም እንደዚያው ናቸው። ሰኞ ሰኞ የእሳት ማጥፊያውን አሸዋ ከባልዲው አውጥተው በማድረቂያው ምድጃ ያደርቁታል። «እርጥብ አሸዋ ከሚኖር ባይኖር ይሻላል» ይላሉ። የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነበር፤ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ጎረቤት ግቢ የተሰጣውን ልብስ ያያሉ። ልብሱ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረቀ፣ የፈለገ ዶክተር ቢለምናቸው የዚያን ቀን አንዱን ጣሳ አይከፍቱም።

ጣሳው የሶዲየም ሃይድራይድ ነበር። ሲያዩት አያስፈራም፤ በዘይት የታሸ አመድ ነው የሚመስለው። ከመቶው ስልሳው ግራጫው ዱቄት፣ የቀረው አየር እንዳይነካው የሚጠብቀው ፓራፊን ዘይት ነው። ነገሩን ያስረዱኝ ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ሳይከፍቱት ነው።

«ሃይድሮጅን አብዛኛውን ጊዜ ሰጪ ነው» አሉኝ። «እዚህ ውስጥ ግን ከሶዲየም ላይ ኤሌክትሮን ወስዶ ተቀምጧል። የወሰደውን የሚያራግፍበት ቦታ ይፈልጋል፤ ዕረፍት የለውም። ውኃ ያገኘ ዕለት ከውኃው ላይ ሌላ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ሁለቱ ተያይዘው ጋዝ ሆነው ይወጣሉ። ሙቀቱ ራሱ ጋዙን ያቀጣጥለዋል። የሚቀረው አንቺ ሳሙና ፋብሪካ ስትለኪው የነበረው ኮስቲክ ሶዳ ነው።»

«በምን ነው የሚሟሟው?»

«በእኛ ቤት ባለ በምንም። አይሟሟም። ዱቄቱ ላይ ላዩን ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው ተንኮለኛ የሆነው፤ ላዩን አይተሽ ውስጡን አታውቂም።»

ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ለዚሁ ነጣቂነቱ ነበር። ከአንድ ሞለኪውል ላይ ሃይድሮጅኑን ይነቅልላቸዋል፤ በተነቀለው ቦታ ሌላ ነገር ይተክላሉ። አዘጋጅቶ መስጠት የኛ ሥራ ነው። ሰዓታችንንና ቀለበታችንን እናወልቃለን። የተመዘነውን ዱቄት በደረቀ ብልቃጥ ከትተን፣ ናይትሮጅን እንዲያልፍበት አድርገን፣ ሄክሴን እንጨምርበታለን። ዱቄቱ ሲዘቅጥ ዘይቱን ያጠበውን ፈሳሽ ከላይ በቀጭን የመስታወት ቱቦ እንስባለን። ሦስት ጊዜ። ከሦስተኛው በኋላ ዱቄቱ ራቁቱን ነው፤ ከናይትሮጅኑ በቀር የሚጠብቀው የለም። ያን ጊዜ ጋሼ በየነ አይናገሩም፤ እኔም አልናገርም። ከዚያ ሃይድሮጅኑ የሚነቀልበት ነገር ጠብ ጠብ ሲልበት አረፋው ይጀምራል፤ መጀመሪያ በጥድፊያ፣ ከዚያ እየራቀ። አረፋውን በሹክሹክታ ይቆጥሩታል። ሲያቆም ደግሞ እስካሁን የቆዩትን ያህል እንደገና ይቆያሉ። ያ መጠበቅ እኔን ይገድለኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ችኩል ነኝ።

እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ሠራን። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ዳይሬክተር ጓንት ስንጠይቀው «ለመሆኑ ያለፈውን ጨርሳችኋል?» የሚል ነበር፤ ሌላው ከሪፖርት በቀር ሌላ ነገር የማያነብ። ጋሼ በየነ ጡረታ ሲወጡ መጋዘኑን እኔ ተረከብኩ። አሸዋውን የመጀመሪያውን ዓመት ሰኞ ሰኞ አደረቅኩ። ከዚያ በወር አደረግኩት። ከዚያ ተውኩት።

የጽዳት ሠራተኛችን ዘውድነሽ ትባላለች። እኩያዬ ናት፤ ምሳ የምንበላው ከአንድ ሳህን ነው። ቀልደኛ ነበረች። «ጽጌ» ትለኛለች፣ «ይኼ ጋውንሽ ከእኔ ሽርጥ በምን ይበልጣል? ሁለታችንም ጠርሙስ አጣቢ ነን።» ከሥራዋ አንዱ ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ያስቀመጥነውን ሁሉ ማጠብ ነበር። ደንቡን ያስተማርኳት ራሴ ነኝ፦ ገንዳው ዳር ያለ ይታጠባል፤ ሌላ ቦታ ያለ አይነካም።

ክረምት ነበር። እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተብሎ መጋዘኑ በሳምንት ውስጥ ይጽዳ ተባለ። መደርደሪያ ሳራግፍ አንድ የቆየ የሃይድራይድ ጣሳ አገኘሁ፤ ክዳኑ ዝጎ፣ የተለጠፈበት ወረቀት ግማሹ ተልጦ። ስከፍተው ላዩ ነጭ ነው፤ እንደ አሮጌ ኖራ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እርጥበት ሲነካው ወደ ኮስቲክ ሶዳ እንደሚለወጥ አውቃለሁ። ከላይ በማንኪያ ጫፍ ጫር አድርጌ አልኮል ውስጥ ጣልኩት። አንድም አረፋ የለም። «ሞቷል» አልኩ።

ጋሼ በየነ ቢሆኑ ሦስት ቦታ እስከ ሥሩ ይቆፍሩት ነበር። አውቃለሁ፤ ሲያደርጉት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ግን ዳይሬክተሩ «ጽጌ!» ብሎ ከፎቅ ተጣራ። ጣሳውን ክፍቱን ገንዳው ዳር አስቀምጬ ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ሳለሁ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ እንደ እባብ «እስስ» አለ፤ ቀጥሎ «ዱብ» የሚል ድምፅ መጣ። ተመልሼ ስሮጥ ከገንዳው ብጫ ነበልባል ይወጣል። ዘውድነሽ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ቆማለች። አትጮህም። አፏን ከፍታ ታየኛለች።

የአሸዋውን ባልዲ አነሣሁና በነበልባሉ ላይ ገለበጥኩት። ባልዲው የተቀመጠው ዝናብ ከሚያስገባው መስኮት ሥር ነበር። አሸዋው እሳቱን ሊያፍነው ሲገባ እሳቱ ተፋ፤ ፍንጣሪው አንገቷን አገኛት። ያን ጊዜ ጮኸች።

ወደሚቀጥለው ክፍል ጎትቼ እጇንና አንገቷን ከቧንቧ ሥር ላደርግ ስል ታገለችኝ። «ተይኝ! ውኃው ነው ያቃጠለኝ! ውኃው ነው!»

«ዘውዴ፣ አሁን የሚያድንሽ ውኃው ነው። እኔን እመኚኝ።»

አመነችኝ። አምቡላንስ እስኪመጣ እጇን ከውኃው ሥር አላወጣችም። በሕክምና ብዙ ወር ቆየች፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀሩ፤ አልተዘረጉም።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ቧንቧውን የከፈተው ማን ነው አሉኝ። ዘውድነሽ ናት አልኩ። እውነት ነው። ጣሳውን እዚያ ያስቀመጠው ማን ነው አሉኝ። እኔ ነኝ፣ ለጊዜው ነበር አልኩ።

«ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ነበር?»

ጣሳው ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ማንም ሊያጣራው አይችልም። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ባለቤቴ የዚያን ሰሞን ሥራ አጥቶ ነበር። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ።

«ነበረበት።»

«ምን የሚል?»

«አትንኩ የሚል።»

ዘውድነሽን ከሕክምና ስትወጣ ጠሯት። እኔም ነበርኩ። እጇ ተጠቅልሎ በአንገቷ ተንጠልጥሏል። ሰብሳቢው ጽሑፉን አይታ እንደሆነ ጠየቃት። «ጌታዬ፣ እኔ ማንበብ አልችልም» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝና፣ «ጽጌ ነበረበት ካለች ግን ይኖራል። ጽጌ አትዋሽም» አለች።

ማስጠንቀቂያ በመተላለፍ በሚል ተሰናበተች። እኔ የቃል ተግሣጽ ደረሰኝ።

ጋሼ በየነ ጋ ሄድኩ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበር ቤታቸው፤ ጉልበታቸውን ታመው አልጋ ላይ ናቸው። ሰምተዋል። «ሥሩን ቆፍረሽው ነበር?» አሉኝ።

«አልቆፈርኩትም።»

«አሸዋውስ?»

«ማድረቁን ትቼው ነበር።»

«ኮሚቴውንስ ምን አልሻቸው?»

ነገርኳቸው። ለሌላ ለማንም ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነገርኩ። «እኔም በወጣትነቴ ሰው ላቃጥል ለጥቂት ተርፌያለሁ» አሉ። «በሱ አልፈርድብሽም። ሂጂና ቃልሽን አስተካክዪ። እስክታስተካክዪ ግን እዚህ ቤት አትምጪ፣ ልጄ።»

ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ሰውዬው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከሁሉም ኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ በተቋሙ ውስጥ እንደ እኔ ጥብቅ ሰው አልነበረም። አሸዋ በየሳምንቱ አደርቃለሁ፤ ጣሳ እስከ ሥሩ እቆፍራለሁ፤ ጓንት ያላደረገ ዶክተር ከመጋዘን አባርራለሁ። በስንብቴ ቀን «ጥንቃቄን ከወይዘሮ ጽጌ ተማርን» ተብሎ በጨርቅ የተለበጠ ሽፋን ያለው የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ዘውድነሽ ቄራ እንደምትኖር አውቅ ነበር፤ ቤቷንም አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ደምበል ፊት ለፊት መንገድ ስታቋርጥ አየኋት፤ ፌስታሏን በግራ እጇ ይዛለች። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ወደ መጣሁበት ተመለስኩ። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ሆኜ ነው የኖርኩት።

ባለፈው ወር ስልኬ ጠራ። ዶክተር ኪሩቤል ነው፤ እኔ ልወጣ ስል የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆነ ወጣት ኬሚስት።

«እትዬ ጽጌ፣ ሰላም ነው? ሶሪ፣ በቃ አንድ ነገር ቸግሮን ነው። ካዛንቺስ ያለውን ግቢ ልንለቅ ነው፤ ሊፈርስ ነው። ስቶሩ በዚህ ሳምንት ባዶ መሆን አለበት። ማለቴ፣ ከታችኛው ሼልፍ ኋላ አንድ ጣሳ ወጣ፤ ወረቀቱ ተበልቷል። ማንም አያውቀውም።»

«ከፍታችሁታል?»

«አልከፈትነውም።»

«እንዳትነኩት። መጣሁ።»

ካዛንቺስን ለመጨረሻ ጊዜ ካየሁት ወዲህ ሰፈሩ ተለውጧል። የጎረቤቱ ግቢ የለም፤ ግንቡም የለም፤ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ሰፍቷል። ጣሳውን ደረቅ ትሪ ላይ አድርጌ ወደ ጓሮው አስወጣሁት፤ ፊቴን በመከላከያ ሸፍኜ ክዳኑን በቀስታ ፈለቀቅኩት። ነጭ።

ኪሩቤል አንገቱን አስግጎ አየ። «ኦ፣ ይኼማ ሞቷል» አለ።

«ራቅ በል» አልኩት። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። ናይትሮጅኑን ከላዩ አፍስሼ ነጩን ቅርፊት በደረቀ ማንኪያ ቀስ እያልኩ አነሣሁት። ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ግራጫው ታየ፤ በዘይቱ ውስጥ፣ ትናንት የታሸገ ይመስል።

ኪሩቤል ከራቀበት ሆኖ አየው። «ቅርፊቱ ነው እንዴ የጠበቀው?»

«አዎ። ላዩ ሲሞት ለውስጡ ክዳን ሆኖለታል።»

ሁለት ቀን ፈጀብን። ጥቂት ጥቂት እያወጣን፣ በፓራፊን በጥብጠን፣ ብልቃጡን በረዶ ውስጥ አስቀምጠን፣ ናይትሮጅን እያሳለፍን፣ ኃይለኛ ያልሆነውን አልኮል ጠብታ በጠብታ እንሰጠዋለን። አረፋው ይነሣል፤ ይበርዳል፤ እንጠብቃለን። ብልጭታ ፈርተን ስልኮች እንኳ ከግቢው እንዲወጡ አድርገን ነበር። አንዴ ኪሩቤል «ጨረሰ፣ ቀጣዩን እንጨምር» ሲል እጁን ያዝኩት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አረፋ መጣ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጣሳው ባዶ ሆነ።

ጓሮው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጓንታችንን ስናወልቅ፣ «እንዴት አወቁ ግን? እኔ እኮ እርግጠኛ ነበርኩ» አለኝ።

ለምን ለእሱ እንደነገርኩት አላውቅም። ምናልባት «ሞቷል» ያለበት አፉ የእኔን አፍ ስለመሰለኝ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጣሳውን፣ አሸዋውን፣ «አትንኩ» የሚለውን። ሲያዳምጥ ቆየና፣ «ሴትዮዋ በሕይወት አለች?» አለ።

«አለች። ቄራ ናት።»

«ነግረዋታል?»

«አልነገርኳትም።»

ቀና ብዬ ላየው አፍሬ ተነሣሁ። ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ቄራ የሚለውን ታክሲ ተሳፈርኩ።

በሯን ሳንኳኳ ራሷ ከፈተች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ አንገቷ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ጆሮዋ ይደርሳል። «ጽጌ?» አለች። «ምን ሆነሽ ነው? ግቢ፣ ግቢ።» አስቀመጠችኝ። ልጇ አግብታ እንደወጣች፣ እሷ የሠፈር ዕድር ጸሐፊ እንደሆነች ነገረችኝ።

«ጸሐፊ?» አልኳት፣ ሳላስብ።

ሳቀች። «ጽሑፍ ነበረበት ተብሎ አይደል የተባረርኩት? ዳግመኛ እንዲህ እንዳልሆን ብዬ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ለብዕር እንኳ ግራ እጄን ማስለመድ ነበረብኝ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ።»

የሰጠችኝን የውኃ ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ዘውዴ፣ ጽሑፍ አልነበረበትም።»

«ምን?»

«ጣሳው ላይ። አትንኩ የሚል አልተጻፈበትም ነበር። እኔ ነኝ ገንዳው ዳር ክፍቱን ያስቀመጥኩት። አንቺ ደንቡን ነው የሠራሽው። ዋሸሁብሽ።»

ከውጭ የሥጋ ጫኝ መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ነዘረ። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ የማትመለስ መስሎኝ ነበር። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች።

«ጻፊው።»

«እ?»

«አሁን ያልሽውን። ጻፊው፤ አነበዋለሁ።»

ጻፍኩ። አንድ ገጽ አልሞላም። ወሰደችና በጣቷ እየተከተለች፣ ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል አነበበች። «አልነበረበትም» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ደብተሩን መለሰችልኝ።

«እዚህ ጋ ፊደል ዘለሻል። ‹አልነረበትም› ነው ያልሽው።»

አረምኩት። ፈረምኩ።

«ልጄ እስከ ዛሬ ‹እማ፣ ምናለ ሰው ብትጠይቂ ኖሮ› ትለኛለች» አለች፣ ወረቀቱን እየገነጠለች። «እኔም ራሴን ስንት ዓመት እንደዚያው አልኩት። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ታክሲ መያዣው ጋ እንገናኝ። አብረን መሥሪያ ቤቱ እንሄዳለን። እኔ አነባለሁ፤ አንቺ አጠገቤ ትቆሚያለሽ።»

«እሺ» አልኳት። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ አላስጨረሰችኝም፤ በሩን ከፈተችልኝ።

በማግሥቱ ቄራ ታክሲ መያዣው ጋ ስደርስ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ቀድማኝ ቆማለች፤ ነጭ ሹራብ ለብሳለች፤ ወረቀቱን በግራ እጇ ይዛዋለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አርፍደሻል» አለችኝ።